ድምፅ ከፈረስ ይፈጥናል፤ ግን አይበቃውም

አክስቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው ጠጋ፣ መልሰው ራቅ እያደረጉ ካዩ በኋላ "ይሄ ልጅ አፉ ይቀድማል፤ ድምፁ ኋላ ነው የሚመጣው" አሉኝ። "ልጅ" ያሉት ዘፋኙን ነው። ቪዲዮውን የላከችላቸው እንግሊዝ አገር የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ናት። ኒውማርኬት በምትባል ከተማ፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ዓርብ ማታ ኮንሰርት ገብታ፣ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆማ ቀርጻዋለች። ትልቁ ስክሪን ላይ ከበሮ መቺው እጁን ያሳርፋል፤ ዱም የሚለው ግን እጁ ተመልሶ ከተነሣ በኋላ ነው።

"ኔትወርክ ነው" ብዬ ልገላገል ነበር። ዛሬ ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም። ግን ቪዲዮው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ የተላከ ነው፤ ደግሞም አክስቴ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡና "በል አስረዳኛ!" አሉ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ኒውማርኬት ከለንደን በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንጀራዋ ፈረስ ነው። ሁለት የመወዳደሪያ ሜዳ አላት። አንደኛው "ሮውሊ ማይል" ይባላል፤ ሮውሊ የንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቅጽል ስም ነበር፣ ስሙም የተወሰደው ከድንጉላ ፈረሳቸው ነው። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ፈገግ አሉ፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባለ ላደገ ሰው ንጉሥ በፈረስ ስም ሲጠራ ምኑም አይገርምም። ሁለተኛው ሜዳ "ጁላይ ኮርስ" ነው፤ የበጋው ውድድር የሚካሄደው እዚያ ነው። የነሱ በጋ ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እኛ ጃንጥላ ከእጃችን የማይለይበት ወቅት። ያኔ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሰዉ ከሥራ ወጥቶ ፈረሶቹን ያያል፣ ይወራረዳል፣ የመጨረሻው ውድድር ሲያልቅ ደግሞ በዚያው ቲኬት ኮንሰርቱን ይሰማል።

ነገሩ የኒውማርኬት ብቻ አይደለም። ደብሊን አጠገብ ሌፐርድስታውን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴል ማር ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ ፓሪስም በሎንሻ የፈረስ ሜዳ ላይ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ታስተናግዳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መቀመጫው፣ መፀዳጃው፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የቲኬት በሩ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ፈረስ የሚሮጥበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ሳሩም ዕረፍት ይፈልጋል።

ለሙዚቃ ግን ይህን ያህል የማይመች ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የፈረስ ሜዳ የተሠራው ለዓይን ነው። ሰው መነጽሩን አንሥቶ ከሩቅ የሚመጣውን ፈረስ እንዲያይ ተብሎ የተዘረጋ ባዶ ሜዳ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን እየመለሱ ለኋለኛው ሰው ያካፍሉታል። እዚህ ከመድረክ የወጣ ድምፅ ወጣ፤ መላሽ የለውም።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የእሽቅድምድም ፈረስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ድምፅ ከፈረሱ ሃያ እጥፍ ይፈጥናል። ፈጣን ይመስላል አይደል? ብርሃን ግን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆች ሳለን መብረቅ ብልጭ ሲል እስኪያጓራ እንቆጥር ነበር፤ በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ማለት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የልጅ ልጃቸው የቆመችው ከመድረኩ 170 ሜትር ያህል ርቃ ነው ብንል፣ ምስሉ ወዲያው ሲደርሳት ድምፁ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል።

ግማሽ ሰከንድ ለወሬ ምንም አይደለም፤ ለዘፈን ግን ብዙ ነው። በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ የጭፈራ ዘፈን ቢሆን በሁለት ምት መካከል ያለው ጊዜ በትክክል ግማሽ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ፊት ያለው ሰው ሁለተኛውን ምት ሲያጨበጭብ፣ 170 ሜትር ላይ ያለው የመጀመሪያውን እያጨበጨበ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከፍ ካለው የተመልካች መቀመጫ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ጭብጨባው ከፊት ተነሥቶ ነፋስ እንዳገኘው የጤፍ ማሳ ወደ ኋላ ሲንከባለል ይታየዋል። አንድ ላይ እስክስታ ቢወርዱ ደግሞ የኋለኛው ትከሻ የሚወርደው የፊተኛው ሲነሣ ነው።

አክስቴ በዚህ ተስማሙ። "ግን ድምፁ ቢዘገይም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በዚያ ርቀት እንዴት ደረሰ?" አሉ። ከመጀመሪያው የምትሻል ጥያቄ ናት።

የሠርግ ድንኳን እናስብ። ሁለት ሞንታርቦ ግራና ቀኝ ይተከላል። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ይዘው ይሠቃያሉ፤ ከድንኳኑ ጫፍ ያሉት ወጣቶች "ድምፅ ጨምር!" ይላሉ። ዲጄው ለወጣቶቹ ያደላል፤ ሽማግሌዎቹም ጉርሻቸውን ሳይጨርሱ ይነሣሉ። ይህ የዲጄው ክፋት ብቻ አይደለም። ድምፅ ከሣጥኑ ሲወጣ በየአቅጣጫው ይሰፋል። አንድ ጭልፋ ሊጥ በትንሽ ምጣድ ላይ ሲወፍር፣ በሰፊ ምጣድ ላይ እንደሚሣሣው ማለት ነው፤ ሊጡ ያው ነው፣ ምጣዱ ነው የሰፋው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚሸፍነው ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በድምፅ መለኪያ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። 10 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የነበረው 20 ሜትር ላይ 94፣ 40 ላይ 88፣ 80 ላይ 82፣ 160 ሜትር ላይ 76 ይሆናል። ጆሯችን 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ በግማሽ እንዳነሰ አድርጎ ነው የሚሰማው። ለኋለኛው ሰው 100 ይድረሰው ብንል ከፊት ያለው 124 ሊቀበል ነው፤ ይህ ሙዚቃ መሆኑ ቀርቶ ሕመም ነው።

መፍትሔውን በቃል ከመንገር ማሳየት ይቀላል ብዬ ሳፋ ጠየቅሁ። አክስቴ የሰላጣ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልተው አመጡ። አንድ ጣት ነከር ሳደርግ ክብ ሞገድ ተነሣ፤ እየሰፋ፣ እየሣሣ ሄዶ ዳር ሳይደርስ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ የልጆቹን ማስመሪያ በጎኑ ይዤ ነከርሁ። አሁን ሞገዱ ክብ አልሆነም፤ እንደ መስመር ቀጥ ብሎ ሄዶ የሳፋውን ጠርዝ መታ። ውሃውም ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

በትልልቅ ኮንሰርቶች ላይ ከመድረኩ ግራና ቀኝ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ የሚንጠለጠለው የስፒከር ሰንሰለት ማስመሪያው ነው። ተመሳሳይ ሣጥኖች አንዱ ከአንዱ ሥር ተጠጋግተው ይሰቀላሉ፤ ድምፃቸው ተጋግዞ እንደ አንድ ረጅም ምንጭ ይሆናል። ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን እምብዛም አይባክንም። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በ6 ፈንታ ወደ 3 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሳል፤ እስከ ተወሰነ ርቀት ድረስ፣ በተለይም ለቀጭኑ ድምፅ። ሐሳቡ የቆየ ቢሆንም ለትልቅ መድረክ በወጉ ሠርቶ ያወጣው ክርስቲያን ኤል የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሰው ነው፤ ኤል-አኩስቲክስ በተባለው ኩባንያው በኩል በ1992 እ.ኤ.አ.። ጉብጠቱም ለጌጥ አይደለም። የላይኞቹ ሣጥኖች ቀጥ ብለው የኋለኛውን ሰው ያያሉ፤ የታችኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ፊት ያለውን። የሚሰቀሉበትም ምክንያት አለ፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይጠጣል፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር የሚያጠግበው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች ነው።

መስቀል አደባባይ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው በደረጃው ላይ ከፊተኛው ራስ በላይ ከፍ ይላል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት እዚያ ሲከበር አክስቴ ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆነው እንደ ሰሙ ይናገራሉ፤ ከዘፈኑ ይልቅ ግን ያስታወሱት ፀሐዩን ነው። የፈረስ ሜዳ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚቆመው ለጥ ባለ ሳር ላይ ነው።

የተሰቀለው ሰንሰለትም ቢሆን እስከ ሜዳው መጨረሻ ድረስ አይዘልቅም። ስለዚህ ከመድረኩ 100 ሜትር ያህል ርቆ ሌላ ግንብ መሰል ብረት ይተከልና ሌላ ስፒከር ይሰቀልበታል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ወደ ሁለተኛው ስፒከር የሚሄደው ገመድ ነው፤ በገመድ ውስጥ የሚጓዘው የድምፅ መልእክት በዓይን ጥቅሻ ይደርሳል። በአየር የሚጓዘው የመድረኩ ድምፅ ግን 100 ሜትሩን ለማለፍ 292 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ግንቡ ሥር የቆመ ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ሊሰማ ነው፤ መጀመሪያ ከአጠገቡ፣ ቀጥሎ ከመድረኩ። ሁለት ደብር ተቀራርበው በድምፅ ማጉያ በሚቀድሱበት ሰፈር የኖረ ሰው ምን ዓይነት ትርምስ እንደሆነ ያውቀዋል።

ስለዚህ የቅርቡን ሆን ብለው ያዘገዩታል። በሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዋትኪንስ ግሌን በተባለ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ 600,000 ገደማ ሰው ለአንድ ኮንሰርት ሲሰበሰብ፣ ለሩቆቹ ስፒከሮች ኢቨንታይድ የተባለው ኩባንያ የሠራው ያኔ አዲስ የነበረ ዲጂታል ማዘግያ ጥቅም ላይ ውሏል። ዛሬ ባለሙያው ቁጥሩን በኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል፤ 292።

ብልጠቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። 292 ላይ አያቆምም፤ 10 ወይም 15 ሚሊ ሰከንድ ይጨምርበታል። ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬቱ ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ጆሮ የሚያምነው የቀደመውን ነው። ሁለተኛው ጎልቶ ቢመጣ እንኳ አቅጣጫውን የሚወስነው መጀመሪያ የደረሰው ነው። ስለዚህ የመድረኩ ደካማ ድምፅ በጥቂቱ እንዲቀድም ይደረጋል፤ የግንቡ ጉልበተኛ ድምፅ ተከትሎ ይደርሳል። ሰሚው ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ ዘፋኙ ራሱ የዘፈነለት ይመስለዋል፤ አብዛኛው የሚሰማው ግን ከራስጌው ከተሰቀለው ሣጥን ነው።

"እንዲያ ከሆነ ልጅቷ የሰማችው ዘፋኙን ሳይሆን እንጨቱን ነዋ!" አሉ አክስቴ። የሰማችው እሱኑ ነው፤ የተታለለችው ከየት እንደመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ከእንዲህ ያለ ማታለል ጋር ምንም ጠብ የለኝም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሥራውም እንደገና ይጀምራል። የሙቀቱ መጠን አንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ የነበረ ሜዳ ማታ 13 ቢሆን በ100 ሜትር ላይ የ6 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ይመጣል። ያ 15 ሚሊ ሰከንድ ትርፍ ወደ 9 ወርዷል ማለት ነው፤ ጎበዝ ባለሙያ ቁጥሩን ያድሳል። የቦታው ከፍታ ግን ለፍጥነቱ ለውጥ አያመጣም፤ አዲስ አበባ ላይ ድምፅ የሚዘገየው ሲበርድ ነው እንጂ ተራራ ላይ ስለሆንን አይደለም።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚከፋው መታጠፉ ነው። ቀን ላይ መሬቱ ስለሚግል ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሞቃት፣ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ነው። ድምፅ ሁልጊዜ ወደ ቀዝቃዛው አየር ያዘነብላል፤ ስለዚህ ቀን ወደ ሰማይ ታጥፎ ከሩቁ ሰው ራስ በላይ ያልፋል። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲልና ነፋስ ሲጠፋ ግን መሬቱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ድምፁም ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ ወደ ምድር ይመለሳል። ኪሎ ሜትሮች ርቆ መኝታ ቤቱ ውስጥ ለተኛ ሰው የዘፈኑ ቃል ሳይቀር ሊደርሰው ይችላል።

አክስቴ እዚህ ላይ አቋረጡኝ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከጃንሜዳ በላይ ነው፤ ጃንሜዳም በዘመኑ ፈረስ ይሮጥበት እንደነበር ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። "ሌሊት ጅቡ ሲጮህ ከአጥራችን ሥር ያለ ነበር የሚመስለው። አባባ ተነሥተው ሲያዩ ምንም የለም። ጠዋት ግን ደወሉ እንኳ አይሰማንም ነበር" አሉ። የጅቡ ነገር እሱ ነው። ለደወሉ የጠዋት ጫጫታም ምክንያት ሊሆን ይችላል ብዬ አልተከራከርሁም።

ነፋስም እንዲሁ ነው፤ ከመድረኩ ወደ ሰሚው ሲነፍስ ድምፁን ወደ መሬት ይጭነዋል፣ ሲቃወመው ወደ ላይ ይገፋዋል። ነፋሱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር የድምፁ ቃና "ዋው ዋው" እያለ የሚመጣና የሚሄደውም ለዚህ ነው። አየሩ ራሱ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ቶሎ ይበላል፣ ወፍራሙን ይተዋል። ከሩቅ ሠርግ ክራሩ ሳይሰማ ከበሮው ብቻ የሚደርሰን በዚህ ምክንያት ነው።

የጎረቤት አቤቱታም የሚመጣው ከዚሁ ከበሮና ከባሱ ነው። 40 ኸርዝ የሚሆን ባስ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ለእንዲህ ያለ ሞገድ አጥርና ዛፍ ምኑም አይደለም። የድምፅ ባለሙያዎች ባስን የሚገቱት በባስ ነው። ከባስ ሣጥኖቹ አንዱን ፊቱን ወደ ኋላ ያዞሩትና ድምፁን ገልብጠው፣ በጥቂቱም አዘግይተው ይሰጡታል። ከኋላ በኩል የሌሎቹ ሞገድ አየሩን ሲገፋ የሱ ይስባል፣ ተያይዘው ይጠፋሉ፤ ከፊት በኩል ይደማመራሉ። በሳፋው ውሃ ላይ ሁለት ጣት አራርቆ የነከረ ሰው፣ ሞገዶቹ ሲገናኙ ውሃው ጸጥ የሚልበትን መስመር በዓይኑ ያየዋል።

እንግሊዝ አገር በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮንሰርት ድምፅ መመሪያ ነበር። በዓመት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ኮንሰርት ለሚያደርግ የከተማ ስታዲየም 75፣ ለሌላ የከተማም ሆነ የገጠር ቦታ 65 ዴሲቤል ይፈቅድ ነበር። የሚለካው መድረኩ አጠገብ አልነበረም፤ ከጎረቤት ቤት ግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ ነበር፣ የ15 ደቂቃ አማካይ ተወስዶ። አንድ ሜትር ርቀን ስናወራ ድምፃችን 60 ያህል ስለሆነ፣ 65 ማለት በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያወራ እንግዳ ማለት ነው። ከሦስት ቀን በላይ፣ እስከ 12 ቀን ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ በተለመደው ጊዜ ካለው ድምፅ 15 ዴሲቤል በላይ እንዳይበልጥ ይመክር ነበር። ጉድለት ነበረው፤ ልኬቱ ባሱን አሳንሶ ነበር የሚቆጥረው፣ ሰውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ባሱ ነው።

"ፈረሶቹስ?" አሉ አክስቴ። ይህን እስከ መጨረሻ አለመጠየቃቸው ገርሞኝ ነበር። ቅደም ተከተሉ ለነሱ ተብሎ የተሠራ ያህል ነው፤ ፈረሱ ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ሙዚቃው። የፈረስ ጆሮ እያንዳንዱ ለብቻው ወደፊትም ወደ ኋላም ይዞራል። እኛ ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ አንሰማም፤ ፈረስ እስከ 33,500 ይሰማል። በታች በኩል ግን እኛ እንበልጣለን፤ ፈረስ ከ55 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አይሰማውም። ያ ጎረቤቱን እንቅልፍ የሚነሣ ጥልቅ ባስ ለፈረሱ ከድምፅነቱ ይልቅ በእግሩ ሥር የሚሰማው ንዝረት ነው።

በሳምንቱ ሌላ ቪዲዮ መጣ። አሁን የተቀረጸው ከመድረኩ ሥር ነው። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ስልኩን ጠጋ ራቅ አደረጉት። የከበሮ መቺው እጅና ዱም የሚለው ድምፅ አንድ ሆነዋል። "አሁን ልክ መጣ" ካሉ በኋላ ፊታቸው ተለወጠ። "ቆይ፣ ፊት ያለው ስንት ነው ያልከኝ?" 100 ብያቸው ነበር። ለ100 ዴሲቤል የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የሚመክረው የቀን ገደብ 15 ደቂቃ መሆኑን ባልነግራቸው ይሻለኝ ነበር፤ ነገርኳቸው። ወዲያው ራሳቸው ደወሉላት፤ "ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ አድርጊ!" እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው ብቻውን 80 ሳይሞላ አይቀርም። ጥጥ ብዙም እንደማይከላከል ልነግራቸው ስል ከወዲያ በኩል ፎቶ ገባ፤ መዳፏ ላይ ሁለት ብርቱካናማ የጆሮ መድፈኛ።